ሐሙስ ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ

ድምጿ ከመልኳ ይቀድማል፤
ከሐረጎ ወገብ ተነስቶ
ጆሮ ሳይደርስ ደረት ይገባል።
«መጣች!» ይላል ቡሽራ፣ እጁን በጆንያ እየጠረገ፤
እኔ ዱላዬን ይዤ ሩጫ፣
የሰው ላም ከሜዳው ላስወጣ።
ሥራዬ ይኸው ነበር፤
በወር ሠላሳ አምስት ብር፣
ከብት ማባረር፣ በርሜል ማንከባለል፣
የነፋሱን ከረጢት ከግንዱ ላይ መስቀል።

የአየር መንገድ አልነበረችም፣ የጥጥ ኩባንያ ናት፤
ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጅራት፣
ቀይ ቆዳ የለበሰ ስድስት ወንበር፣
ከጎኗ አንድ ሰማያዊ መስመር።
መሬት ስትነካ አፍንጫዋ ሽቅብ ይሰቀላል፣
እንደ ባቲ ግመል፤
የፊቷን ሳታይ የምትሄድ፣
ለማንም መንገድ የማትለቅ፣ ማንንም የማትወድ።

ካፒቴን ጥላዬ ዝም ብሎ አይወርድም።
ቦርከናን በሆዷ ዳብሶ፣ በየጎፍ ጥግ ተመልሶ፣
ከእትዬ ትጓደድ ቆርቆሮ በላይ
ሞተሩን ሁለቴ ያስጓራዋል፤
«ሦስት ጥብስ፣ አንዱ ቃሪያ የሌለው» ማለት ነው።
ቃሪያ የማይነካው ምክትሉ ዳምጤ ነው፣
ጨጓራው የታመመ፣
ካርታ አጥፎ አጥፎ ኪሱ የተቀደደ።

ቤንዚን በእጅ እየዘወርን፣ በሚዳቋ ቆዳ እናጠልላለን፤
«ጠብታ ውሃ ካመለጠችህ» ይለኛል ቡሽራ፣
«ከጦሳ ላይ ለቅመህ አትጨርሳቸውም።»
ደሴ፣ ጣሊያን ጋራዥ፣ ቁልፍ ሲያቀብል ያደገ ሰው ነው።
ከሥሯ ተኝቶ፣ ዘይት ግንባሩ ላይ ሲንጠባጠብ፣
«ተወው ይፍሰስ! የሚያሰጋው የማታፈስ ዕለት ነው፤
ባዶ ናት ማለት ነው።»

አንድ ሐምሌ ጉም ሜዳውን ዋጠው።
ከላይ ትዞራለች፤ ትሰማለች፣ አትታይም።
ቡሽራ ዓይኑን ጨፈነ፦ «ግራው ያስለዋል።
የሩብ ሰዓት ቤንዚን ቢኖራቸው ነው።»
የከባድ መኪና ጎማ ጎትተን፣ የተቃጠለ ዘይት ደፍተን ለኮስነው፤
ጥቁር ጭስ ነጩን ጉም በሳው፣
እሷም በቀዳዳው መጣች።
ካፒቴኑ ወረደ። ሲጋራ አወጣ።
ክብሪቱ እምቢ አለው፣ ሦስቴ፣ አራቴ፤
በመጨረሻ የለኮሰለት ዳምጤ።
ምንም አልተባለም። የዚያን ቀን ጥብስ
የበላው የእትዬ ትጓደድ ውሻ ነው።

ኩባንያው ሲወረስ
ካፒቴኑ ቦርሳውን ይዞ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ወጣ፤
«ሐሙስ እመለሳለሁ» አለ፣
የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ሳይናገር።
ሣሩ እስከ ክንፏ አደገ።
ቡሽራ ግን በየሐሙሱ ይመጣ ነበር፣
ፕሮፔለሯን በእጁ ሊያዞር፤
«ያልዞረ ሞተር እንደ ተኛ በሽተኛ ነው» ይላል፣ «ደሙ ይረጋል።»
ጉልበቱ ሲከዳው እኔ አዞርኩ።
አንድ ማክሰኞ መጋዝ ይዘው መጡ፤
በኪሎ ተመዘነች።

ባቲ ገበያ፣ ሰኞ፣ ከድስት ክዳኖች መሐል
አንዱ ላይ ሰማያዊ መስመር አየሁ።
ሳልከራከር ገዛሁት።
«ክዳን መች አጣን?» አለች ዘምዘም፣ ሚስቴ፤
መልስ አልነበረኝም።
ውሃ ሲፈላ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ብቻ ነው፤
የሞተር ድምፅ ነው ብዬ አልዋሽም።

መዝገቡ ግን እኔ ዘንድ አለ፤
ዘይት የጠገበ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው።
ቡሽራ ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ ነው፣
ጽሕፈቱ እንደ ብሎን ጠብቆ የታሰረ።
የመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር፦
ቀን ሐሙስ። ጎማ ደህና። ቀኝ ሞተር ደህና።
ግራው ትንሽ ያስለዋል።
ነገ ይታያል።